ከከፍተኛ ሊግ የሚያድግ ክለብ መሃል ሰፋሪ አይሆንም

በየዓመቱ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለው የከፍተኛ ሊግ የምድብ አሸናፊዎች ይለያሉ። ዋንጫ ይነሳል። ባጃጁም ሚኒባሱም ጡሩምባውን እየነፋ ከተማውን ይዞራል፣ ተጫዋቾቹ አይሱዙ ላይ ቆመው ይጨፍራሉ፣ ከንቲባው ወጥተው ቡድኑን ይቀበላሉ፣ ሽልማትም ቃል ይገባሉ። ደስ ይላል። ከዚያ ዝናቡ ይመጣና ስለዚያ ክለብ የሚያወራ ይጠፋል፤ ሁላችንም ወደ እንግሊዝ የዝውውር ወሬ እንገባለን። የክለቡ ዕጣ የሚወሰነው ግን ያኔ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ በማያየው ሁለትና ሦስት ወር ውስጥ።

እስቲ የቅርቡን እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ከ2014 እስከ 2016 በነበሩት ሦስት የውድድር ዘመናት ዘጠኝ ክለቦች ከከፍተኛ ሊግ አድገው ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅለዋል። በ2014 አዲስ አበባ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማና መከላከያ (ያሁኑ መቻል) ገቡ። በ2015 ኢትዮጵያ መድን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ለገጣፎ ለገዳዲ፤ በ2016 ደግሞ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ ተከተሉ።

አሁን የት እንደደረሱ ተመልከቱ። አዲስ አበባ ከተማ በገባበት ዓመት ወረደ። አርባ ምንጭ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በ2015፣ ወረደ። ኤሌክትሪክና ለገጣፎም አብረውት ወረዱ፣ እነሱ ግን በመጡበት ዓመት ነው። ሻሸመኔና ሀምበሪቾም እንደዚያው፣ መጡ ወረዱ። ስድስት ክለብ ማለት ነው። የቀሩት ሦስቱስ? ንግድ ባንክ በመጣበት ዓመት፣ በ2016፣ የሊጉን ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ የወጣው መቻል ነው። መድን በ2017 ሻምፒዮን ሆነ።

ዘጠኝ ክለብ አድጎ ስድስቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው ወረዱ፣ ሦስቱ ደግሞ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። መሃል ላይ የቀረ የለም። ስምንተኛ ወጥቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ሰባተኛ ሆኖ፣ መሃል ላይ ሥር ሰዶ የቀረ አንድም ክለብ የለም። ሌላው ዓለም ያደገ ክለብ የመጀመሪያ ህልሙ ላለመውረድ ነው፤ ከተረፈ ያመሰግናል። እኛ ጋ ወይ ዋንጫ ነው ወይ መባረር።

ነገሩ የሦስት ዓመት አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። ከ2010 እስከ 2017 ሻምፒዮን የታወቀው ሰባት ጊዜ ነው፤ 2012 በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል። ከሰባቱ ሁለቱን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ፣ 2014 እና 2015። የቀሩትን አምስቱን ማን ወሰደ? ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ። መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ባደገ በሁለተኛ ዓመቱ። ፋሲል ከነማ በ2013፣ ፕሪሚየር ሊጉን በ2009 ነበር የተቀላቀለው። ከዚያ ንግድ ባንክና መድን። ከሰባት ዋንጫ አምስቱ ከአምስት ዓመት በፊት ታች በነበሩ ክለቦች እጅ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ለውጭ አገር ሰው ብትነግሩት የሊጉን ፉክክር ያደንቅ ይሆናል። እኔ ግን ፉክክር ብቻ አይመስለኝም። ዋንጫ እንዲህ በቀላሉ ከታች በመጣ ክለብ እጅ የሚገባው፣ ላይ ያሉትም ክለቦች በየዓመቱ ከዜሮ ስለሚጀምሩ ነው።

ከዜሮ ስል ቃል በቃል ነው። እኛ ጋ ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ሰኔ ላይ የግማሹ ቡድን ውል ያልቃል። ሐምሌ ላይ የዝውውር ወሬ ይጦፋል፣ አንዱ ክለብ ሌላውን ይበትናል፣ ጥቅምት ላይ አሰልጣኙ ስማቸውን በቅጡ ያልለመዳቸውን ልጆች ይዞ ሜዳ ይገባል። ትልቁም ትንሹም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ያደገው ክለብና ነባሩ ክለብ በመስከረም ወር አንድ መስመር ላይ ቆመዋል። ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ማን ቀድሞ ገንዘብ ይዞ ገበያ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው የበጀት ዓመቱ ጉዳይ የሚመጣው። ሰው ብዙ አያነሳውም እንጂ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የከተማ ክለብ ማለት ደግሞ በአብዛኛው የከተማ አስተዳደሩ ክለብ ማለት ነው፤ የበላይ ጠባቂው ከንቲባው፣ ገንዘቡ የምክር ቤቱ በጀት። እንግዲህ አስቡት። የከተማው ፋይናንስ ለቀጣዩ ዓመት ረቂቅ በጀት የሚያዘጋጀው ክለቡ ገና ከፍተኛ ሊግ ላይ እየተጫወተ ሳለ ነው። ያድግ አያድግ አይታወቅም። ስለዚህ የሚያዝለት ገንዘብ የከፍተኛ ሊግ ገንዘብ ነው። ከዚያ ክለቡ ያድጋል። ጭፈራው ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ "ተጨማሪ በጀት" ይላል። መንገድ አለ፣ ውሃ አለ፣ የመምህራን ደመወዝ አለ፣ እውነቱን ለመናገር ከንቲባውም "አይ" ቢሉ አይፈረድባቸውም። ግን አደባባይ ላይ ቃል ገብተዋል። ስለዚህ "አይ" አይሉም፣ "እናየዋለን" ይላሉ። "እናየዋለን" እስከ መስከረም ይቆያል። እስከዚያ ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ፈርሞ አልቋል።

ባንክና ኢንሹራንስ ግን እንዲህ አይለምንም። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ቦርዱ ተሰብስቦ ይወስናል፣ ዋናው ነገር ደግሞ በጊዜ ይወስናል። ተጫዋቹም ይህን ያውቃል። ሁለት ክለብ እኩል ደመወዝ ቢያቀርቡለት አንዱ ከተማ አንዱ ባንክ ቢሆን የቱን ይመርጣል? ባንኩ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይከፍላል። በአገራችን እግር ኳስ ደመወዝ በሰዓቱ መክፈል ራሱ ትልቅ የዝውውር መሣሪያ ነው። ደመወዝ ሦስት ወር ሲዘገይ ልምምድ ያቆመ ቡድን፣ ለፌዴሬሽን አቤት ያለ ተጫዋች፣ የዝውውር እግድ የተጣለበት ክለብ… ይህን ዜና ያላነበበ የስፖርት ተከታታይ አይኖርም።

ከላይ ወደቆጠርናቸው ዘጠኝ ክለቦች እንመለስ። ላይ የቀሩት ሦስቱ የባንክ፣ የኢንሹራንስና የጦሩ ክለቦች ናቸው። ከወረዱት ስድስቱ አምስቱ የከተማ ክለቦች ናቸው። አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል።

ግን ቆይ፣ ስድስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ የተቋም ክለብ ነው፣ ደመወዝ አይቸግረውም። ታሪክ ካላችሁም አለው፤ ፕሪሚየር ሊጉ በዚህ ስሙ ሲጀመር፣ በ1990፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው እሱ ነው፣ ያኔ መብራት ኃይል ይባል በነበረ ጊዜ። በ1993ም ደግሞታል። ያ ክለብ በ2010 ወረደ፣ ለ2015 አደገ፣ በዚያው ዓመት ወረደ፣ ወዲያው በዓመቱ ተመልሶ አደገ። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይተርፋል ማለት አይደለም። ወርሃዊ ደመወዝ መክፈል አንድ ነገር ነው፣ ዋንጫ የሚበላ ቡድን መሥራት ሌላ። የተቋም ክለብ ውስጥ ደግሞ የራሱ በሽታ አለ፤ ደጋፊ የለውም፣ ቢሸነፍ የሚቆጣ የለም። ንግድ ባንክ ራሱ በ2009 ሲወርድ የወንዶቹ ቡድን ፈረሰ፣ ስሙን በሜዳ ላይ ይዘው የቆዩት ሴቶቹ ናቸው። የከተማ ክለብን ለማፍረስ ከተማ መጋፈጥ ያስፈልጋል። የተቋም ክለብን ለማፍረስ አንድ ስብሰባ ይበቃል።

የከተማ ክለብ ሀብቱ ሰዉ ነው። እና እዚህ ላይ የሊጉ አካሄድ ያመጣው ትልቅ ለውጥ አለ፤ እንደሚገባው ሲነገርለት አልሰማሁም።

እስከ 2012 ድረስ ሊጉ በሜዳና ከሜዳ ውጪ ነበር። ጎንደር ላይ ፋሲልን፣ ጅማ ላይ አባ ጅፋርን፣ መቐለ ላይ 70 እንደርታን ማሸነፍ ምን ማለት እንደነበር የተጫወተ ያውቀዋል። በጠዋት የሚሞላ ስታዲየም፣ ጣሪያና አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሰው፣ እንግዳው ቡድን ከአውቶብሱ ሲወርድ የሚጀምር ጩኸት። ያ ጩኸት በዓመት ቢያንስ ጥቂት ነጥብ ያመጣ ነበር። ላለመውረድ ለሚታገል ቡድን ጥቂት ነጥብ ሕይወት ነው። በ2013 በኮሮና ምክንያት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ፤ ሁሉም ክለብ አንድ ከተማ ላይ ሆቴል ይዞ ተራ በተራ ይጫወታል፣ ከሳምንታት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል። ኮሮናው አለፈ። አሠራሩ ግን ቀጠለ። የቴሌቪዥኑ ቀረጻ በዚህ መንገድ ይቀላል፣ ዲኤስቲቪ የገባውም በዚያው ዓመት ነው፤ የጸጥታውም ጉዳይ አለ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በደጋፊዎች ግጭት የተነሳ ወደ ገለልተኛ ሜዳ የተዛወሩ ጨዋታዎች ነበሩ፣ ያንን የረሳ የለም። ምክንያቶቹ ባዶ አይደሉም።

ግን ዱራሜን አስቡ። ከምባታ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ ክለቡም ስሙን ያገኘው ከአካባቢው ሀምበሪቾ ተራራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ሕዝቡ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ኢትዮጵያ ቡናን፣ ፋሲልን በከተማው ሊያይ ነው። አላየም። የ2016 ውድድር በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር። ሀምበሪቾ ሠላሳ ጨዋታ ተጫውቶ አንዱም ዱራሜ ላይ አልነበረም፣ "የሜዳው" ተብሎ የተመዘገበለት ጨዋታ ሳይቀር በሰው ሜዳ ነው። ከዱራሜ ድሬዳዋ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካርታ አውጥታችሁ እዩ። የመግቢያ ትኬት ሽያጭ የለም፣ ማሊያ የሚሸጥበት የጨዋታ ቀን የለም፣ ነጋዴው "ቡድናችን መጣ" ብሎ የሚያዋጣበት ስሜት የለም። የሆቴል ወጪው ግን አለ፣ ከዓመት ዓመት። ክለቡ የሊጉ ግርጌ ላይ ሆኖ ጨረሰ። ሕዝቡ ያደገውን ቡድኑን በቴሌቪዥን አይቶ በቴሌቪዥን ሸኘው።

ቁጥሩም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በሜዳና ከሜዳ ውጪ ዘመን ካደጉት የከተማ ክለቦች ውስጥ ፋሲል፣ መቐለና አባ ጅፋር ዋንጫ በሉ፣ ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ገብቶ እስከ ዋንጫ ፉክክር ደረሰ። ከ2014 ወዲህ፣ ማለትም በተመረጡ ከተሞች ዘመን፣ እስከ 2016 ካደጉት አምስት የከተማ ክለቦች ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ የለም። አንድ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ ስለሄደ ብቻ ምክንያቱ እሱ ነው አይባልም፣ ይገባኛል። በድሮውም ዘመን መጥተው ወዲያው የወረዱ ነበሩ፤ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ በ2009፣ ደቡብ ፖሊስ በ2011። ወልዲያም አለ፤ በ2009 ጥር ላይ በሼህ አል አሙዲ ስም የተሰየመ፣ ለዋና ከተማ የሚያስቀና ስታዲየም ተመርቆለት፣ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ክለቡ ወረደ። ስታዲየሙ ቀረ፣ ሊጉ ሄደ። ስለዚህ ሜዳ ብቻውን አያድንም። ግን የከተማ ክለብ ከባንክ ጋር ሲወዳደር የሚበልጥበት አንድ ነገር ጩኸቱ ከሆነ፣ ያንን ወስደን "በገንዘብ ተወዳደር" ስንለው ውጤቱ ምን ሊሆን ነበር?

ስለ ጅማ አባ ጅፋር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ፣ የሁሉም ነገር ታሪክ እሱ ውስጥ ስላለ።

በ2009 ጅማ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነባት። አባ ቡና ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፣ ጅማ ከተማ የሚባለው ክለብ ደግሞ ከከፍተኛ ሊግ አደገ። ያደገው ስሙን ወደ አባ ጅፋር ቀየረና ገብረመድህን ኃይሌን አሰልጣኝ አድርጎ ገባ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ጎል ያዘንብ ጀመር፣ የዓመቱም ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። ዋንጫው በመጨረሻው ሳምንት ተወሰነ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆነው አባ ጅፋር በጎል ክፍያ በለጠ። ካደገ ገና ዓመቱ! ቀጥሎ አፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ገብቶ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘ፣ በደርሶ መልስ ቢወድቅም በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈው። አል አህሊን!

ከዚያስ? አሰልጣኙ ወደ መቐለ ሄደ። ኦኪኪ ወደ ግብፁ ኢስማኢሊ ሄደ። ሌሎቹም እየፈረሙ ተበተኑ። አባ ጅፋር ዋንጫውን የበላው ቡድን አልነበረውም ማለት ነው፣ ዋንጫውን የበላበት ዓመት ብቻ ነው የነበረው። በ2013 ወራጅ ቀጠና ውስጥ ጨረሰ፣ ያኔ ግን ዕድል አገኘ። የትግራይ ሦስቱ ክለቦች፣ መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ፣ በጦርነቱ ምክንያት ባለመኖራቸው ክፍት ቦታ ነበረና የሊጉ የመጨረሻ ሦስቱ ክለቦች (አዳማ፣ ወልቂጤና አባ ጅፋር) ከከፍተኛ ሊግ ሁለተኛ ከወጡት ሦስቱ ጋር ሐዋሳ ላይ የማሟያ ውድድር ተጫወቱ። ሦስቱም ላይኛዎቹ ተረፉ። በ2014 ግን የሚያሟላ ነገር አልነበረም፣ አባ ጅፋር ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ ከፍተኛ ሊግ አራት ዓመት። ደደቢትም እንዲሁ ነው፤ በ2005 ሻምፒዮን፣ በ2011 ወራጅ፣ ዛሬ ስሙ የሚነሳው ትዝታ ሲወራ ነው።

ገብረመድህን ኃይሌ ግን አልወረደም። ከጅማ መቐለ ሄዶ በ2011 ዋንጫ በላ። ከዓመታት በኋላ መድንን ይዞ በ2017 ደገመ። ሦስት ዋንጫ፣ ሦስት ክለብ፣ ሦስቱም በቅርብ ጊዜ ከታች የመጡ። ለእኔ ይህ ሰውዬ የሊጉን ሚስጥር ያወቀ ይመስለኛል፤ እኛ ጋ ቡድን የሚሠራው በክረምት ነው፣ ክረምቱን በሚገባ የተጠቀመ ዓመቱን ይወስዳል። ሌላው አሰልጣኝ አዲስ ቡድን ሲያዋህድ እስከ ጥር ይቆያል፣ ያኔ ግማሹ ውድድር አልቋል።

መድን ራሱ እንዴት እንደጀመረ አስታውሱ። በ2015 አድጎ ሲመጣ በመክፈቻው ቅዱስ ጊዮርጊስ 7 ለ 1 ቀጣው። ሰባት! በማግስቱ "ይሄ ቡድን በጊዜ ይሸኛል" ያላለ አልነበረም፣ ሜሙም ብዙ ነበር። አንድ የከተማ ክለብ እንዲህ ቢሸነፍ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ቦርዱ በአስቸኳይ ይሰበሰባል፣ አሰልጣኙ "በጋራ ስምምነት" ይለያያል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ተጫዋቹን አይወደውም። መድን ግን አልደነገጠም፣ በዚያው ቡድን ቀጠለና ዓመቱን ከላይኛዎቹ ጋር ጨረሰ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሻምፒዮን። መረጋጋት የሚባለው ነገር እዚህ አገር ዋጋው ከአጥቂ ይበልጣል፣ ግን አጥቂ ነው የምንገዛው።

ፌዴሬሽኑ ገንዘቡን በሕግ ለማስተካከል ሞክሮ ነበር። በ2011 ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ትንሹ ከተማ ከትልቁ ጋር እኩል ይቁም ነው። የሆነው ግን ያው የታወቀው ነው፣ በወረቀት 50,000፣ በእጅ ሌላ። ጣሪያ ስታበጅ ከጣሪያው በላይ ያለው ገንዘብ አይጠፋም፣ ይደበቃል። ተደብቆ የሚከፈል ገንዘብ ደግሞ ኦዲት የሚፈራውን የከተማ አስተዳደር የበለጠ ይጎዳል።

አንዳንዱ "እንግሊዝም እኮ እንዲሁ ነው" ይላል። እውነት አለው። እንደ ፈረንጆቹ በ2023/24 ያደጉት በርንሌይ፣ ሉተንና ሼፊልድ ዩናይትድ ሦስቱም ወረዱ፣ በቀጣዩ ዓመት ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተንም ሦስቱም ወረዱ። ግን የወረደው እዚያ በፓራሹት ነው የሚወርደው፤ ከቴሌቪዥን ገቢው ለተከታታይ ዓመታት እየተከፈለው፣ የተጫዋች ውሉን እያስተካከለ። በርንሌይ በ2024/25 ቻምፒዮንሺፑን፣ ማለትም የእንግሊዝን ሁለተኛ ሊግ፣ በ100 ነጥብ ጨርሶ ወዲያው ተመለሰ። እኛ ጋ የሚወርድ ክለብ ያለ ምንም ነገር ነው የሚወድቀው። ፕሪሚየር ሊጉን የሚመራው የክለቦቹ አክሲዮን ማህበር ነው፣ ከፍተኛ ሊጉን የሚመራው ፌዴሬሽኑ፤ ከአንዱ ቤት የወጣ ለሌላው ቤት እንግዳ ነው። ገቢው ይቆማል፣ ተጫዋቹ ይሄዳል፣ የከተማው ምክር ቤትም "ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ያወጣነው?" ይላል።

ደንቡም አይረጋም። አንድ ዓመት ከፍተኛ ሊጉ በሦስት ምድብ ይሆንና ሦስት ያድጋሉ፣ በዓመቱ በሁለት ምድብ ይሆንና ሁለት ያድጋሉ። በ2012 ኮሮና መጥቶ ሚያዝያ ላይ ሁሉም ተሰረዘ፤ ምድቡን እየመራ የነበረ፣ ዓመቱን ሙሉ ያወጣ ክለብ "ለከርሞ" ተባለ። የትግራይ ክለቦች ደግሞ ለአራት የውድድር ዘመን ጠፍተው በ2017 ተመለሱ። ይህ ሁሉ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። ለአምስት ዓመት እቅድ ያወጣ የክለብ ሥራ አስኪያጅ ካለ ግን ልቡ ብረት ነው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ ሰው ትልቅ መድኃኒት የለኝም። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛው የከተማ ክለብ በጀት ሲረቀቅ ሁለት መስመር ይኑረው፤ ካደገ ይህን ያህል፣ ካላደገ ይህን ያህል፣ ምክር ቤቱ ሁለቱንም አስቀድሞ ያጽድቅ። እንዲህ ከሆነ ሐምሌ 1 ገበያ ይወጣል፣ "እናየዋለን" ይቀራል። ሁለተኛው፣ ስታዲየሙ መስፈርት ባያሟላም ያደገ ክለብ በዓመት ቢያንስ ጥቂት ጨዋታ ቤቱ ወይም ቤቱ አጠገብ ይጫወት። ቀረጻ ያስቸግራል ይባላል። ያስቸግር። ለዱራሜ ሰው ሐዋሳ ከድሬዳዋ ይሻላል፣ ዱራሜ ደግሞ ከሁሉም።

"የከተማ ክለብ ከመንግሥት ገንዘብ ይውጣ፣ ራሱን ይቻል" የሚሉም አሉ። በመርህ ደረጃ ማን ይቃወማል? ግን በሜዳው የማይጫወት፣ ትኬት የማይሸጥ ክለብ በምን ራሱን ይችላል? መጀመሪያ የሚሸጠውን ስጡት።

ከእነዚህ ሁሉ በአሁኑ ጊዜ በጉጉት የምከታተለው አርባ ምንጭን ነው። አዞዎቹ ዋንጫ አልበሉም፣ ወደፊትም በቅርቡ ይበላሉ ብዬ አልወራረድም። በ2015 ሲወርዱ ግን እንደ ሌላው አልተበተኑም፤ በዓመቱ ከምድባቸው አንደኛ ሆነው ተመለሱ። አካባቢው ተጫዋች ያፈራል፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ሙሉ ቡድን መግዛት የለባቸውም። ቢወርዱም የሚቀር ልጅ አላቸው። እስካሁን ከቆጠርናቸው የከተማ ክለቦች ውስጥ መውረድን እንደ ሞት ያላየው እሱ ብቻ ይመስለኛል፣ እና አንድ ቀን ስምንተኛ ወጥቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ሰባተኛ የሚሆን ክለብ ካየን፣ ከዚያ በኩል ይመጣል ባይ ነኝ።